ትራም ውስጥ የዘፈነው ሰውዬ

ቤልግሬድ ከተማ፣ በሐዲድ በሚሄደው ትራም ውስጥ ከሉቢንካ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሸበቶ ሰውዬ፣ የድሮ የሮክ ባንዶች ባጅ የደረደረበት ጂንስ ጃኬት ለብሷል። ስልኩን አየና ጭኑን መታ።

"ኢንተርኔት ላይ የጫንኩትን የኮንሰርት ቪዲዮ የሙዚቃ ኩባንያው አስጠፋብኝ! ራሳቸው አይሸጡት፣ እኛን አያሰሙን!"

"የምን ዘፈን ነው፣ ወንድሜ?" አለችው ሉቢንካ።

በጎርናና ድምፁ ጀመረላት። እሷም ታውቀው ኖሮ ተቀበለችው። ከኋላ ያሉ አዛውንት በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ ገቡበት፤ ሾፌሯ ሳትቀር ደወሏን አቃጨለች። ትራሙ በጭብጨባና በሳቅ ተናወጠ።

"በሉ፣ ይሄንንም ይምጡና ያጥፉት!" አለ ላቡን እየጠረገ።

መውረጃው ሲደርስ ወደ ሉቢንካ ጎንበስ አለ። "ቪዲዮው ላይ ከፊት ሆና የምትጨፍረው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሚስቴ ነበረች። እሷ ብትኖር ዛሬ ማንንም ሳታስጨፍር ከትራሙ አታወርድም ነበር" አላትና እያፏጨ ወረደ።