የጋሼ ሁለት ጣት እጥፋት

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ልክ ወስደው ሲጨርሱ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ይመልሱና ሁለት ጣታቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው በጠመኔ ያሰምራሉ። «ይቺ ደግሞ ለማደጊያው» ይላሉ። ከዚህ የተነሳ ዋና ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ሁለት ጣት» ነው የሚላቸው።

የሚሠሩት ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው። በእግር የምትመታ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ አለቻቸው፤ በቃ። ጣሪያው እንደ ደረጃው ወደ ታች ስለሚወርድ ቁመተ ረጅም ደንበኛ ልኩን የሚሰጠው በር ላይ ቆሞ ነው። አላፊ አግዳሚው የወገቡን ስፋት ሰምቶ ያልፋል፤ አንዳንዱም አስተያየት ይሰጣል።

ዋናው ሥራቸው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ጫፉ ላይ ሁለት እጥፋት ይተዋሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ጣት። ልጁ አድጎ ሲመጣ አንዱን እጥፋት ይፈቱና ከውስጥ በኩል በቀይ ክር ትንሽ ምልክት ይሰፋሉ። ሁለት ቀይ ክር ያለበት ቀሚስ እጥፋቱ አልቋል ማለት ነው። ለመፍቻ ደግሞ አያስከፍሉም። «ሲሰፋ ተከፍሎበታል» ነው መልሳቸው።

ጉድ ያመጣባቸው ይኸው ደግነታቸው ነው። አንድ እናት አንዴ ካሰፋች ሦስት ዓመት ለአዲስ ልብስ አትመለስም። እኛ እናቶች ግን ይኼን መች አሰብነው! የራሳችን አነሰን እንዴ? ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ደብተሩ፣ ሁሉም በየወሩ ከፍ ይላል። እኔ ሳሙና ለሁለት ቆርጬ ነው የማወጣው። ባለቤቴ ሁለት ፌርማታ በእግሩ ከሄደ በኋላ ነው አውቶቡስ የሚይዘው። ለጤናዬ ብዬ ነው ይለኛል፤ እኔም ያመንኩ እመስላለሁ።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የልጄን ቀሚስ ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ምን እንደምትበላ እንጃ፣ ተመዘዘችብኝ!»

«የምትበላውንማ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አሉና ቀሚሱን ገለበጡት። ሁለት ቀይ ክር። ፊታቸው ትንሽ ወደቀ። «አለቀ፣ ልጄ።»

ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን አዲስ ሥራ መጣልኝ ብሎ እጁን ባፋተገ። ጋሼ ግን አዲስ ጨርቅ መግዛት እንደማልችል ሳልነግራቸው ገባቸው፤ ጎንበስ ብለው የሚቀጥሉበት ቁራጭ መፈለግ ጀመሩ። ያኔ ነው ቁርጥራጩ ሁሉ በጆንያ መታሰሩን ያየሁት።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ጆንያ?»

ጋሼ አንዱን ጆንያ ፈትተው ውስጡን ማገላበጥ ጀመሩ። የመለሱልኝ ጥግ ላይ ተቀምጠው አዝራር የሚለዩት ባለቤታቸው፣ እትዬ ናቸው።

«ልንለቅ ነው። አከራይዋ ኪራይ ጨምራለች። ትምህርት እስኪከፈት ወይ አዲሱን እንከፍላለን ወይ ክፍሉን እናስረክባለን።»

«መኪናዋስ?»

«እቤት ከአልጋው ሌላ ምን ይገባል ብለሽ ነው? ትሸጣለቻ።» ወደ ጋሼ ዞሩ። «ይኼ ሰውዬ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጥፋት ሲተው ኖሮ ለራሱ አንዲት አላስቀረም።»

«ተይው እንግዲህ» አሉ ጋሼ፣ ጆንያው ውስጥ እንደተደፉ።

ቀሚሱን ታቅፌ ቆምኩ። ያለ መኪናዋ እኚህ ሰው ምን ሊሆኑ ነው? ዓይኔ ቀዮቹ ክሮች ላይ ነበር። ይኼ ለልጄ ያጠረ ቀሚስ፣ እጥፋቱ ቢመለስ ለታናሽ ልጅ አዲስ ነው። ከእኛ በላይ የምትኖረው ነርስ ደግሞ ከእኔዋ የምትበልጠው ልጇ ያጠራት ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ እንደተቀመጠ ነግራኛለች፤ እሱ ለእኔዋ ይሆናል። በየቤቱ እንዲህ ያለ ስንት ተቀምጧል? ሁሉም የጋሼ ስፌት ነው።

«ጋሼ፣ ሁሉም ያጠረውን ያምጣ፤ እርስዎ እጥፋቱን አስተካክለው ልኩ ለሆነው ልጅ ይስጡ። ለሥራዎ ደግሞ ያስከፍሉ።»

ቀና አሉ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ! በስተርጅና ልዋጭ፣ ልዋጭ እያልኩ ልጩህ?»

«አንተ አትጩህ፣ እኔ እጮኻለሁ» አሉ እትዬ። «ዋጋው የሦስት ዳቦ።»

«ለእጥፋት ከልጅ እናት ላይ ገንዘብ ልቀበል?»

«አንተ ስፒልህን አፍህ ውስጥ ያዝ። ዋጋ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ሳምንቱን በየበሩ እየዞርኩ ነገርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ገመድ ወጥረን የኔንና የነርሷን ቀሚስ ሰቀልን። ሁለት ቀሚስ ብቻ! አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ጋሼ ስፒላቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ከመኪናዋ ኋላ ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ሱሪ ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያም ሌሎች ሦስት። አራት ሰዓት ላይ ገመዱ ጎበጠ።

ከዚያ የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ መጣች። ቀሚሶቹን አየችና ወገቧን ያዘች።

«እንዴ! ልጄን የሰው ልብስ ላለብሳት ነው?»

 በሩ ላይ የቆምነው ሁሉ ያሰብነው ግን ያልተናገርነው ነገር ነበር። ሁለት እናቶች ያመጡትን ልብስ ከገመዱ ላይ ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም አበቃልን አልኩ።

ጋሼ ስፒላቸውን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ።

«የሰው አይደለም። ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ይኼ ቀሚስ ከእጄ የወጣበትን ዓመት እነግርሻለሁ። ልብሱ ያው ነው፤ ልጆቹ ናቸው የሚቀያየሩት። ያንቺ ልጅ ወደዚህኛው አደገች፤ ምን ያሳፍራል?»

ፀጉር ሠሪዋ ቀሚሱን ገልብጣ ቀዩን ክር አየች። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«እሺ… ታዲያ ይቺን አዝራር ትቀይሩልኛላችሁ?»

«አዝራር አንድ ዳቦ ያስጨምራል» አሉ እትዬ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ።

ሳቅ በሳቅ ሆንን። እጃቸውን የዘረጉትም መልሰው ሰበሰቡ።

ከሰዓት በኋላ አከራይዋ ከች አለች። ወረፋው ደረጃው ድረስ ደርሷል።

«ጋሼ፣ ምን ወሰናችሁ?»

ጋሼ ስፒል በአፋቸው ነው፤ በእጃቸው ወደ እትዬ አመለከቱ።

«ወረፋ ያዢ» አሉ እትዬ።

«እኔ እኮ ለኪራዩ ነው!»

«እኛስ ለማን ብለን ነው የምንሠራው? ያዢ ብያለሁ።» ሆኖም ወዲያው ለድሮው ኪራይ ባስቀመጡት ላይ የዕለቱን ጨምረው ከጣሳቸው ውስጥ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ የመጀመሪያው ወር፣ በአዲሱ ዋጋ። አከራይዋ ተቀብላ ገመዱን ትክ ብላ አየች። ስትወጣ «የኔም ልጅ ሱሪ አጥሮበታል፣ ሰኞ አመጣለሁ» አለች። ኪራዩን ግን አልቀነሰችም። አልፈርድባትም፤ እሷም ልጆች ታሳድጋለች።

ይኼ ከሆነ ሰባት ወር አልፎታል። መኪናዋ እዚያው ደረጃ ሥር ናት። ረጃጅሞቹ ልጆች የሚወርሱት ስለሌላቸው አዲስ ያሰፋሉ፤ አባቶችም አንገቱ ያለቀ ሸሚዛቸውን ኮሌታ ያስገለብጣሉ። እኔ በሳምንት ሁለት ጠዋት እየሄድኩ አዝራር እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ለድካሜም ይከፈለኛል። ሳሙናውን ዛሬም ለሁለት ነው የምቆርጠው፤ የተቆረጠው ሳያልቅ ግን ሌላ ገዝቼ አስቀምጣለሁ።

ያን ቅዳሜ የመጨረሻዋ ወረፋ የልጄ ነበር። የነርሷ ልጅ ቀሚስ ረዝሞባት እግሯ ድረስ ወረደ። ጋሼ ተንበርክከው ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፉት።

«እነዚህ ቀይ ክሮች የማን ናቸው፣ ጋሼ?»

«ቀድማሽ የለበሰችው ልጅ ያደገችባቸው ናቸው። ያንቺ ክር ሰማያዊ ይሆናል።»

«የታለ የኔ?»

ጋሼ ሁለት ጣታቸውን እጥፋቱ ላይ አሳረፉ።

«ይኸው፤ የሚቀጥለው ዓመት እዚህ ውስጥ ነው። ስታድጊ እኔ ጋ ነይ፣ እዚሁ ነኝ፤ እፈታልሻለሁ።»

እትዬ ከኋላ ጆንያዎቹን እየፈቱ ነበር። «በአንድ ዳቦ» አሉ።