የተኳረፍሽው ሰው ካለ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መጽሐፍ ሲሰጡኝ «ስትጨርሺ ለእኔ እንዳትመልሺ፤ የተኳረፍሽው ሰው ካለ ስጪው» ይሉኝ ነበር።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከፊት ለፊት ጎረቤቴ ጋር በውሃ ወረፋ ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ዓመት አልፎን ነበር። ባለፈው ክረምት አጎቴ የሰጡኝን ልብ ወለድ ይዤ እንደምንም በሯን አንኳኳሁ።

«አጎቴ አንብቢው ብለውሻል» አልኳት። መጽሐፉን ተቀበለችኝ።

በሳምንቱ መጽሐፉን ጨርሳ እሷ አንኳኳች። «ያቺ እናት ልጇን ይቅር ባትለው ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር» አለችኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስኪመሽ አወራን።

አጎቴ ያረፉ ዕለት ቦሌ ያለው ቤታቸው ገብቼ መደርደሪያቸውን አየሁት። አንድ መዝገበ ቃላት ብቻ ቀርቶበታል። ወደ ድንኳኑ ስወጣ ጎረቤቴን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቀስተኛው ወንበር ስትደረድር አገኘኋት። አጎቴን አንድ ቀን እንኳ አይታቸው አታውቅም።

«አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ አለሁ» አለችኝ።