ማንም ያላሠመረው ቅስት

ይህን የምጽፈው በጥንቃቄ ነው፤ ያን ጊዜ ባየሁት ላይ በኋላ የተማርኩት ተደርቦበት ሊሆን ይችላልና።

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ይመስለኛል፣ ከአውሮፕላን ከተነሡ ፎቶግራፎች ካርታ በሚሠራ ቡድን ውስጥ ዳንግላ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ የተቆራረጡ መስመሮችን እየገጣጠምኩ የእርሻውን፣ የደኑንና የግቢውን ዙሪያ በስስ ወረቀት ላይ ማውጣት ነበር። ደንቡ ቀላል ነበር፤ የሚቀራረቡና ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ መስመሮች የአንድ ነገር ጠርዝ ናቸው።

በእኛ አገር አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው እንዲግጥ አጥር ይከፈታል፤ ክረምት ሲቃረብ መልሶ ይታጠራል። ቆሰበር አጠገብ በአጎቴና አገውኛ በማትሰማ ጎረቤታቸው መካከል የነበረውን የቀርከሃ አጥር የሚያጥረው ባሏ ነበር። በዚያ ዓመት ሞተ። ክረምቱ ሲደርስ አጎቴ ቀጥ አድርጌ ልጠር አሉ። ቀጥ ካለ ድንበሩ ላይ ያለው ምንጭ ወደ እርሳቸው ይገባል፤ ከጎበጠ የእርሷ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ሌላ ውኃ አልነበራትም። ነገሩን ለመዳኘት የተቀመጡት ሽማግሌዎች «እንግዲህ ከሰማይ የተነሣው ሥዕል ይፍረድ» አሉ።

ፎቶግራፉን ይዤ ሄድኩ። የተነሣው ግን ባለፈው በጋ፣ አጥሩ ክፍት ሳለ ነበር። ከላይ ቁራጭ አጥር፣ ከታች ቁራጭ አጥር፣ መካከሉ ባዶ። በደንቡ ከሄድን ሁለቱ ቁራጮች ቀጥ ብለው ይገጥማሉ።

«አየሽ? ሰማዩም ቀጥ አድርጎታል» አሏት አጎቴ።

«ሰማዩስ የእህትዎ ልጅ አይደል?»

ነገሯ ከነከነኝ። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ እንደገና አየሁ። ያን በጋ አጎቴ ማሳቸውን ቀደም ብለው አርሰውት ኖሯል። ትልሞቹ ባዶው ቦታ ዘንድ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ አጥር ባይኖርም በሬዎቹ በለመዱበት ይመለሱ ነበር። አንዱ የትልም ጫፍ ለብቻው ምንም አይናገርም፤ ሁሉም አብረው ሲታዩ ግን ምንጩን ዞሮ የሚያልፍ፣ ማንም ያላሠመረው ቅስት ይወጣቸዋል።

መነጽሩን ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ብዙ ቆዩበት። በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ከዚያ እርሷም እንድትሰማ በአማርኛ፣ «በሬዎቼ መሰከሩብኝ» አሉ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኮምፒውተር ከምስል ውስጥ የተበጣጠሱ ጠርዞችን አሰባስቦ የአንድን ዕቃ ቅርጽ እንዲለይ ለማድረግ ስንደክም ያን ቅስት ደጋግሜ አስብ ነበር። በእርግጥ ፎቶግራፉ ላይ አየሁት? ወይስ በኋላ የቆመውን አጥር አይቼ ቅርጹን ወደ ፎቶግራፉ መለስኩት? ዛሬ መማል አልችልም። የትልሞቹ ጫፎች አሁንም ይታዩኛል፤ ያገጣጠማቸው ዓይኔ ይሁን ምኞቴ አላውቅም።

አጎቴ የመጀመሪያውን ቀርከሃ ከምንጩ ወዲህ፣ በራሳቸው ማሳ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለው ሲተክሉ ግን አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ከወዲያ በኩል እንስራዋን አስቀምጣ ስታይ ቆየችና፣

«አያ፣ ሆድዎን ሰብሰብ ያድርጉት፤ ድንበር አለፈ!» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አጎቴም ሆዳቸውን ሳብ አድርገው ሁለተኛውን ቀርከሃ አቀብለኝ አሉኝ።