ለማነጻጸሪያ የታጨ ጭንቅላት

የእህቴ ባል ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባለሊፍቱ ይለዋል፤ እኔ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ሰው ሰላም ሲለው የሚያየው ፊት ሳይሆን ጫማ ነው። ሊፍት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መዳፉን ግድግዳው ላይ ይለጥፍና «የሦስተኛው ፎቅ በር ይፋጫል» ይላል፤ እኛ ምንም ሳይሰማን። ምሳው ሁልጊዜ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ነው። በትዳራቸው ዘመን አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እህቴ ለሁለቱም ትበቃለች።

አንድ ልጅ አላቸው። ደስ ያለውን ብቻ ስለሚሠራ ጌታው የሚል ስም አወጣንለት። ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረም የፎቅ ቁጥር ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪሞች የነገሩን ገና በሕፃንነቱ ነው።

ይህን ነገር ሁላችንም ለምደነው ነበር፤ ከጋሼ ታላቅ እህት በቀር። እትዬ እንላታለን። በመጣች ቁጥር ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ይሄ ልጅ ግን ማንን መስሎ ነው? በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ትላለች። ከዚያ መጀመሪያ እህቴን፣ ቀጥሎ እኔን ታያለች። እህቴ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። እኔ እቀመጣለሁ፤ አንድ ሰው መልሶ ሊያፈጥባት ይገባል።

አንድ ቀን ጌታው በሚውልበት ማዕከል ወላጆች ተጠሩ። የአንጎል ተመራማሪ የሆነች ዶክተር መጥታ ነበር። አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት መገናኛ እንዳለ፣ ሴሎቹ ግን እንደማይነካኩ፣ በመካከላቸው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክፍተት እንዳለ አስረዳች። በክፍተቱ ግራና ቀኝ መገናኛውን አጽንተው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ ናቸው።

«በሰው አንጎል ውስጥ የትኛው የት እንደሚበዛ ገና በቅጡ አልታወቀም» አለች። «ከምናውቀው ብዙው የአይጥ ነው።»

ጋሼ እጁን አወጣ። እህቴ ደንግጣ እጁን ልታወርደው ነበር።

«የትኛው ፎቅ ላይ ናቸው?» አለ።

ሰው ሳቀ። ዶክተሯ አልሳቀችም። «ብዙ ፎቅ ላይ። ላይኛው ሽፋን ላይ አሉ፣ መሀል ጥልቁ ውስጥ አሉ፣ ከኋላ ትንሹ አንጎልም ውስጥ አሉ። ግን እኩል አይደሉም፤ አንዱ ጋ ይበዛሉ፣ ሌላው ጋ ያንሳሉ።»

«እንደ ሊፍት በር መቆለፊያ፣ በየፎቁ» አለ ጋሼ ለራሱ።

ሴትዮዋ ቀጥላ የቸገራትን ተናገረች። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው የሰጡት አንጎል አላት፤ ጥቂት ነው፣ ግን አላት። ከጎኑ አስቀምጣ የምታነጻጽረው ኦቲዝም የሌለበት ሰው አንጎልም ያስፈልጋታል። የሰጣት የለም ማለት ይቻላል።

ማታ ገበታ ላይ ጋሼ «ስሞት ጭንቅላቴን ልሰጥ ነው» አለ።

እህቴ «ጨው አቀብለኝ» አለችው። ጨው ከተቀበለች በኋላ ነው ማንኪያው ከእጇ የወደቀው።

ጮኸች፣ አለቀሰች፣ እኔን አስጠራች። ስደርስ ጋሼ እንቁላል እየላጠ ነበር። ምን ነካህ ስለው፣ ከእሱ ሰምቼ የማላውቀውን ረጅም ንግግር ተናገረ። «ለልጄ የማወርሰው የለኝም። ሰው አይገባውም፣ እሱም ለሰው አይገባም። የኔን ጤነኛ ጭንቅላት ከሱ ዓይነቶቹ ጎን አስቀምጠው ካዩ፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው ይላሉ። ያኔ ነገሩ ይገባቸዋል። እኔ እስካሁን አልገባኝም።»

እህቴ ይህን ስትሰማ ተነሥታ አንድ እንቁላል ላጠችለት። ብርቅ ነው።

ችግሩ፣ ዝም ብሎ ጭንቅላት አይወሰድም። ሰጪውን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ ስለ አስተዳደጉ መጠየቅ አለበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እናትና አባቱ አልፈዋል፤ የቀረችው እትዬ ናት። ለምነን ወሰድናት። እህቴ ባሏን አስላጭታ፣ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ሙሽራ አስመስላ አቀረበችው። ደረጃው ላይ እትዬን ይዛ «አደራ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ንገሪልን። እንዳይመልሱት» አለቻት።

«ለወንድሜ እኔን ማን ያስጠናኛል?» አለች እትዬ።

ዶክተሯ ፕሮቲን የሚለውን ቃል ገና ስታነሳ እትዬ ተቀበለቻት። «ፕሮቲን እንቁላል አይደል? ወንድሜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌላ ምሳ በልቶ አያውቅም! ሌላ ከቀረበለት ጦሙን ይውላል እንጂ አይነካም።»

ዶክተሯ ብዕሯን አነሳች። «በልጅነታቸው እንዴት ነበሩ?»

«እንዲህ ያለ ልጅ አልተወለደም! ጨዋነቱን ልንገርሽ? አምስት ዓመት እስኪሞላው ቃል አልወጣውም። የሰው ልጅ ሜዳ ላይ ሲፈነካከት፣ እሱ ብስክሌት ገልብጦ ጎማውን ሲያሽከረክር ይውላል። ብቻውን! ማንንም አይነካ። የእናታችንን የልብስ ቁልፎች በቀለም፣ በቀለም ይደረድራል። አንዲት ቁልፍ ከጎደለች ሰፈር እስኪሰማ ይጮሃል፤ ንብረት ጠባቂ ነበር። አክስቶቻችን ሲያቅፉት እንደ ጣውላ ድርቅ ይላል። ቁጥብ ነበር፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ!»

ከጠረጴዛው ሥር እህቴ የእትዬን እግር ልትረግጥ ፈልጋ የኔን ረገጠች። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ ያን ቀን የታየው ግን የወንድሟ ነው።

«ሌላስ?» አለች ዶክተሯ በለሰለሰ ድምፅ። እትዬ አድናቆት መሰላት። ሌላም ነገረቻት።

ሲያበቃ ዶክተሯ ወደ ጋሼ ዞረች። ለማነጻጸሪያ ልትመዘግበው እንደማትችል፣ መጀመሪያ አንድ ልዩ ሐኪም ቢያየው እንደሚሻል ነገረችው።

«ወደቅኩ?» አላት።

«ፈተና አይደለም።»

እሱ ግን መውደቅ መሰለው። ሳምንቱን ሙሉ እንቁላሉን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ አንጀቴን በላው።

ልዩ ሐኪሙ ጋ ደጋግሞ ተመላለሰ። ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ሁላችንም ወደ ዶክተሯ ሄድን፤ ጌታውም፣ እትዬም። እትዬ ሽልማት ያለ መስሏት ጥሩ ልብሷን ለብሳለች። ዶክተሯ ሳታንዛዛ ነገረችን። ጋሼ ኦቲዝም አለበት። ሲወለድም ነበረበት፣ አሁንም አለ።

«እሱ?» አለች እትዬ። «ሥራ ያለው፣ ሚስት ያለው?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

«ኧረ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ...» ብላ ጀመረችና ቆመች።

ያንን ዝምታ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ለዚያ ቀን ያስቀመጥኩት ንግግር ነበረኝ፤ በደንብ የተሳለ። አፌን ከፍቼ ጋሼን አየሁት። ጉልበቱን እያየ ነው። ንግግሬ ጠፋብኝ።

«ስለዚህ ለልጄ አልጠቅምም» አለ።

«ማን አለ?» አለች ዶክተሯ። «ከነሱ ጎን ሳይሆን ከነሱ ጋር ይሆናሉ፣ ይኸው ነው። በእርስዎ ዕድሜ ያለ፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው አንጎል እኛ ጋ አንድም የለም።»

«ከነሱ ጋር» አለ ጋሼ።

«ከነሱ ጋር።»

አሰበ። «ልጄ ታዲያ እኔን ነው የመሰለው?»

«በዘር የመተላለፍ ነገር ብዙ ጊዜ አለው። ለአንድ ሰው ለይቶ መማል አይቻልም። ግን ሁለታችሁንም አይቻለሁ። ዓይኔን ከጠየቁኝ፣ አዎ።»

ጋሼ ተነሥቶ ሸሚዙን አስተካከለ። ልስጥ ያለውን አልተወም፤ ፈረመና ወጣን።

ሊፍት ውስጥ አምስት ሆነን ገባን። ጌታው እንደ ልማዱ የግራውን ጥግ ያዘና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ መዳፉን ለጠፈ። ጋሼ የቀኙን ጥግ ያዘ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ። ይህን ስንት ዓመት አይቻለሁ። እህቴ ለጎረቤት «ለልጁ ብሎ እኮ ነው፣ ብቻውን እንዳይመስለው» ትል ነበር። እኔም እንዴት ያለ ታጋሽ አባት እያልኩ አደንቅ ነበር። ትዕግሥት አልነበረም። ተመችቶት ነው። እህቴ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ የኔ እንባ ቀደማት።

«አባታችንም እንዲህ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚቆመው» አለች እትዬ፤ ለማንም አልነበረም።

ጋሼ ራሱን ትንሽ ወደ ልጁ መለሰ። የልጁን ጫማ እያየ «እኔን ነው የመሰልከው» አለው።

ጌታው የአባቱን ጫማ አየ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ፤ የሚገባ ሰው የለም፤ ተዘጋ።

«ይፋጫል» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

እህቴ፣ እትዬና እኔ ጆሯችንን አቀናን። ምንም አልሰማንም።