ሦስተኛው የገና ዱላ

ባለፈው ሳምንት ከአዳሪ ትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ አንዲት ሴት የጠላ እንስራ በወይራ ስታጥን ጢሱ በመስኮት ገብቶ መኝታ ክፍላችንን ሞላውና፣ ልብስ ላጥፍ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ መንጎራደድ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ጢሱ የከበደኝ መስሏቸው መስኮቱን ዘጉልኝ፤ እኔን ያስነሣኝ ግን ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከማንኩሳ ወዲህ ባለው መንደራችን፣ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ቤታችንን ይሞላው የነበረው ሽታ ነው።

ከጓሯችን አንድ ያረጀ ወይራ ነበረ። ሌላው ሰው የገና ዱላውን ካገኘው ዛፍ ሲቆርጥ የእኛ ቤት ወንዶች ዱላ ከዚያ ወይራ ብቻ ይቆረጥ ነበር። አባቴ ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ እየመረጠ፣ ለቤቱ ወንድ ሁሉ አንዳንድ ቆርጦ፣ ልጦ፣ በረመጥ አሙቆ፣ ቆልማማውን በገመድ አስሮ፣ ቅቤ ቀብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቅለው ነበር፤ ዱላውም እስከ ገና ድረስ በጢስ እየጠቆረ ይሰነብት ነበር።

ወንድሜ ሞላ ዱር የገባው በክረምት መግቢያ፣ ብር ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያው ከመዘጋቱ በፊት ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ ምሽግ የሠሩት ጣልያኖች፣ ልጁ ከአርበኞች የተቀላቀለበትን ሰው ቤት ያቃጥሉ፣ በሬውን ይነዱ ስለ ነበር፣ አባቴ ወሬው ሳይቀድመው ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዶ፣ «ልጄ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ» አለ። ልቅሶ ተቀመጥን፤ እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፤ ጎረቤቱም ንፍሮ ይዞ መጣ። ይኑር ይሙት በእርግጥ አናውቅም ነበርና የእናቴ እንባ የውሸት አልነበረም። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማንም ቢጠይቀኝ «ሞቷል» እንድል አባቴ ደጋግሞ አስጠንቶኝ ነበር።

መስከረምና ጥቅምት እንዲሁ ሳንረጋ አለፉ። ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ትጥላለች፣ አባቴ ከማሳው ቀና ብሎ ወደ ዳገቱ ያያል፣ እኔም ወፍ እንድጠብቅ ማማ ላይ ተቀምጬ አሥር ጊዜ እወርዳለሁ። ከእኛ ጋር የሚኖረው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ስማቸው፣ «ምነው ጥሩዬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ይለኝ ነበር። ኅዳር ውስጥ የገና ጾም በገባ በሳምንቱ አንድ የቆሎ ተማሪ ደጃችን ቆሞ ለመነ። እናቴ ቁራሽ ስትሰጠው ጎንበስ እንዳለ፣ «ለገና እመጣለሁ ብሎኛል ልጅዎ» አላትና፣ ቀና ብሎ ሳያያት ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ታኅሣሥ ገባ፤ ጠዋት ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድር ጀመር። በዚያን ሰሞን ዶሮና እንቁላል ወደ ምሽጉ እንድናደርስ ታዝዘን ከእናቴ ጋር ሄድን። የእነሱ ገና የእኛን በሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማልና፣ እኛ ጾም ላይ ሳለን እነሱ አንድ ረጅም ጽድ ቆርጠው በግቢው መካከል አቁመው፣ ቅርንጫፎቹ ላይ ሻማና ከቆርቆሮ የተቆረጠ ኮከብ ሰቅለውበት ነበር። ያምር ነበር፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ነይ እንሂድ፣» አለች እናቴ ክንዴን ጎትታ፣ «እንጨት አይተሽ አታውቂም?»

በማግሥቱ አባቴ ወደ ወይራው ሄዶ ሦስት ዱላ ይዞ ተመለሰ።

«አንቱ፣» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሞተ ሰው ዱላ ይቆረጣል እንዴ? ሰው ቢያይስ?»

«በአፌ ገድዬዋለሁ፤ በእጄ ግን አልገድለውም» አላት።

በሕይወት ላለ ሰው ዱላውን ሳይቆርጡ መቅረት በቤታችን እንደ ሟርት ይቆጠር ስለ ነበር፣ እናቴም ልትከለክለው አልደፈረችም። ገመዱን ራሷ አቀብላው ሦስቱም ተሰቀሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ጭቃ ሹሙ ታረቀ ለመንገድ ሥራ ሰው ሊያዝዝ መጣ። ታረቀ የአባቴ አብሮ አደግ ነው፤ ጣልያን ሲሾመው ግን ቤታችን መዋሉን ትቶ ነበር። ያን ቀን ጠመንጃ ያነገበ አንድ ባንዳ አስከትሎ ገብቶ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ እጁን ሲያሞቅ ቀና አለ።

«አያ አድማሱ፣ በዚህ ቤት ስንት ወንድ አለ?»

«እኔና ስማቸው ነን።»

«ታዲያ ሦስተኛው የማን ነው?»

ባንዳው ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። እኔ መቼ እንደ ተነሣሁ አላውቅም፣ «የኔ ነው!» ስል ራሴን ሰማሁት።

ባንዳው በሳቅ ፈነዳ። «ሴት ልጅ ገና ስትጫወት የት አገር አይተሻል?»

«ዘንድሮ እዚሁ ታየኛለህ!» አልኩት።

«ዝም በይ፣ ባለጌ!» አለች እናቴ ቀሚሴን ይዛ ወደ ራሷ እየጎተተችኝ።

ታረቀ ረጅም ጊዜ አየኝ። «መልካም፣» አለ ሲነሣ፣ «የገና ዕለት ሜዳው ላይ እጠብቅሻለሁ። ከቀረሽ የዱላውን ባለቤት እኛው እንፈልገዋለን።»

ከዚያ በኋላ እስከ ገና ድረስ አጎቴ ከጭድ ክምሩ ኋላ ሩሯን፣ ማለትም ከእንጨት ተጠርባ የተድቦለቦለችውን ኳስ፣ እያንከባለለ አስተማረኝ። «ሩሯን ምቺ! መሬቱ ምን አደረገሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። መዳፌ ተላጠ። የሚያስጨንቀኝ ግን መዳፌ አልነበረም፤ እኔ ዱላውን ይዤ በሰው ፊት ስሮጥ ሞላ በዚያ ዳገት ብቅ ቢልስ እያልኩ ነበር የምፈራው፤ ቢቀርስ ብዬ ደግሞ ከዚያ የባሰ እፈራ ነበር።

ገና ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ፣ ከቀትር በኋላ ሰው ሜዳው ላይ ወጥቶ ለሁለት ሲከፈል፣ እኔ እስከ ደረቴ የሚደርስ ዱላ ይዤ ገባሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ አንድ ሽማግሌ፣ «የአድማሱን ልጅ ምን ነካት?» ሲሉ ሰማኋቸው። ታረቀ ጋቢውን ጥሎ በተቃራኒው ወገን ተሰለፈ። ባንዳው ጠመንጃውን ይዞ ከዳር ቆመ። ወዲያ ሮጥኩ፣ ወዲህ ሮጥኩ፤ ዱላዬ ከአቧራ በቀር የነካው አልነበረም። በመጨረሻ ሩሯ ተንከባላ ታረቀ እግር ሥር ስትደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩ። ያገኘሁት ሩሯን አልነበረም፤ የጭቃ ሹሙን ቅልጥም ነበር።

የሚሮጠው ሁሉ ባለበት ቆመ። በገና ጨዋታ ሹም ቢመታም ቂም አይያዝም፤ በዚያ ዘመን ግን የትኛው ሥርዓት እንደ ቀረና የትኛው እንደ ጸና ማን ያውቃል? ታረቀ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሻሽ ቆየና፣ «ወይኔ ቅልጥሜን! በሉ መስክሩ፣ ዱላውስ የራሷ ነው!» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ባንዳውም እየሳቀ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ።

ጨዋታው ሲያበቃ ታረቀ አባቴን ተደግፎ እያነከሰ ቤታችን ገባ። ከጠላው አንዴ ተጎንጭቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ «አያ አድማሱ፣ ይችን ልጅ ሲመሽ ወደ ብር መሻገሪያ እንዳይልኳት። ከምሽጉ የወረዱ ወታደሮች ሣር ውስጥ ተኝተዋል» አለ።

የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ በምሽት ወደ ወንዝ የሚልክ ሰው የለም። አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለ። አጎቴም ጥጃ የጠፋበት አስመስሎ ወጥቶ፣ ሞላን መሻገሪያው ሳይደርስ አግኝቶ መለሰው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አልተረዳሁም ነበር። እናቴ የሞላን ድርሻ ከድስቱ ለይታ፣ በአባቴ አጠገብ ለሱ የተነጠፈውን አጎዛ ደጋግማ ስታስተካክል አየሁና፣ ሳይመጣ ሲቀር በንዴት አለቀስኩ፤ መዳፌ እስኪላጥ ለሱ ስል ተጫውቼ የእሱን መቅረት እንደ ክህደት ቆጠርኩት።

ጣልያን ሲወጣ ሞላ ፀጉሩን አጎፍሮ ከዱር ተመለሰ። መንደሩ ታረቀን በባንዳነት ሊከስ ሲነሣ አባቴ በሸንጎ ቆሞ የገናውን ነገር ተናገረ፤ አንዳንዱ አመነው፣ አንዳንዱ፣ በታረቀ ጥቆማ ቤቱ የተቃጠለበት፣ አላመነውም። ታረቀ ወደ ቡሬ ተሰደደ። ስለ እሱ ምን ማለት እንዳለብኝ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሞላ አሁን የአራት ልጆች አባት ነው። ለገና ወደ ቤት ስሄድ በጠራራ ፀሐይ ከነልጆቹ እየተንጫጩ ይገባሉ፣ ልጆቹም ቦታ ተሻምተው አባቴን ከበው ይቀመጣሉ፤ እናቴ «ኧረ ቀስ በሉ!» ትላለች። ያኔ አጎዛው ባዶውን በማደሩ ከገናዎች ሁሉ የከፋው ያ ነው እል ነበር። ዛሬ ግን አራቱ ልጆች እዚያው ሲጋፉ እያየሁ፣ ያን ቀን ቦታው ባዶ ባይቀር ኖሮ አሁን ማን ይቀመጥበት ነበር እላለሁ።