ሆዴ ላይ የተቀመጠው መጅ

ሰሞኑን የሳንባ ምች ጥሎኝ ከተነሳሁ በኋላ ሐኪሙ ትናንት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ባለሙያ አልጋ ላይ አስተኛችኝና እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ፣ «እማማ፣ በዚህ ይተንፍሱ» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ፣ «እኔ ይህን የተማርኩት በበርበሬ መጅ ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በመካነ ሰላም ከእኔ በላይ መሮጥ የሚወድ ያለ አይመስለኝም ነበር። ችግሬ ውጋት ነው። ዳገት ስጀምር ቀኝ ጎኔን ቀስፎ ይይዝና መንገድ ዳር ያስቀምጠኛል። ሁለት ጊዜ የወረዳ ማጣሪያ ላይ እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። የስፖርት መምህራችን፣ «አንድ ዕድል አለሽ፤ ኅዳር ላይ ደሴ ከሚሄዱት ከሦስቱ ካልገባሽ ሌላ ልጅ አስገባለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ ደሴ ሄዶ ከመሮጥ ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

እናቴ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ ባይ ናት፤ መቀነት! እሷ ወገቧን ሲያማት የምትታጠቀውን ዓይነት ረጅም መቀነት ለእኔም ታስታጥቀኛለች፤ ውጋቱ በባሰ ቁጥር ታጠብቀዋለች። ያልታጠቀ ወገብ አይጸናም ሲባል ስለሰማሁ፣ እኔም ከሸሚዜ ሥር ተሸብቤ እሮጣለሁ።

የእናቴ ታናሽ እህት ዘሀራ ከጅዳ የተመለሰችው ያን ዓመት ገብስ ሊታጨድ ሲል ነው። እዚያ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ነበረች። አሮጊቷን ስታነሳና ስታስተኛ የራሷ ወገብ ተጎዳ፤ ለአሮጊቷ እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ ለእሷም አሳይቷት ተሻላት። አንድ ቀን ስሮጥ አየችኝና አስቆመችኝ።

«እንስራ እንዳዘለች ሴት ጎብጠሽ፣ ትከሻሽን ጆሮሽ ላይ ሰቅለሽ፣ ትንፋሹ በየት ይግባ?» መቀነቱን ስታይማ ሳቀች። «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ራሷን አንቃ ነው የምትሮጠው!»

ጓዳ ወስዳ በጀርባዬ አስተኛችኝ፤ ጉልበቴን አሳጠፈችኝ፤ ትንሿን የበርበሬ መጅ እምብርቴ ላይ አስቀመጠች። «በአፍንጫሽ ሳቢና ድንጋዩን አንሺው። ደረትሽ አይነሳ።»

መጁ ንቅንቅ አላለም። እልህ ያዘኝ። በየጠዋቱ ቆሎ እንኳ ሳልቀምስ እተኛለሁ። በሳምንቱ መጁ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ቆሜ፣ ከዚያ እየተራመድኩ፣ ሦስት እርምጃ አየር እያስገባሁ፣ ሦስት እርምጃ እያስወጣሁ። በመጨረሻ በታጨደው የገብስ ማሳ ዳር ትከሻዬን ጥዬ ሶምሶማ። አንዳንድ ቀን ራሴን ያዞረኝ ነበር። «አብሽሪ፣ ቀስ በይ» ትለኛለች ዘሀራ።

በማጣሪያው ዕለት ማለዳ እናቴ መቀነቱን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ነይ ላስታጥቅሽ።»

«አልታጠቅም፣ እማ።»

«ወገብሽ ቢቆረጥ ማን ሊያነሳሽ ነው?»

እናቴን እምቢ ያልኩት የዚያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። መቀነቱን ጠቅልላ ገባች። እኔም ሄድኩ።

ዳገቱ ላይ ውጋቱ መጣ። እጄ እንደ ልማዱ መቀነቱን ሊያጠብቅ ሄደ፤ ያገኘው ግን ሆዴን ነው። መጁ ትዝ አለኝ። ትከሻዬን ጣልኩና ያንን ድንጋይ አነሳሁት፣ አወረድኩት፣ ደግሜ አነሳሁት። ሁለት ልጆች አለፉኝ፤ ተውኳቸው። ዳገቱ አናት ላይ ውጋቱ ለቀቀኝ። አንዷን ቁልቁለቱ ላይ፣ ሌላዋን ሜዳው መግቢያ ላይ ቀደምኳት። ሦስተኛ ወጣሁ።

ደሴ ላይ አሥራ አንደኛ ነው የሆንኩት፤ ይህን ካልተጠየቅኩ አልናገርም። ግን መንገድ ዳር አልተቀመጥኩም።

ከደሴ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ወደ ጓዳ ብዘልቅ እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ጉልበቷን አጥፋ። መቀነቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መጁ እምብርቷ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

«እማ!» አልኩ ደንግጬ።

«ዝም በይ፤ እየቆጠርኩ ነው።»

ተሳስቼ ነበር ብላኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም። ትናንት ከሐኪም ቤት ስመለስ መጁን ከዕቃ መሃል ፈልጌ አወጣሁት፤ ዛሬም በርበሬ በርበሬ ይላል። ተኝቼ ሆዴ ላይ አስቀመጥኩት። የደከመ ሳንባዬ መጀመሪያ ለገመ፤ እኔም አለቅም አልኩ። ያን ቀን መጁን እያነሳች ስትቆጥር ስንት እንደደረሰች እናቴን ሳልጠይቃት መቅረቴ ይቆጨኛል። እኔ ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ደርሻለሁ።