ከባሕር ማዶ መጣ የተባለው እስፒከር

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት የሚያብረቀርቁ የሙዚቃ ሳጥኖች አምጥቶ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ተከላቸውና እንድሰማለት ጠራኝ። ወንበር ስቦ ካስቀመጠኝ በኋላ ማስረዳት ጀመረ።

«አክስቴ፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎች እስፒከሩን ከገበያ ገዝተው ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። የእነዚህ ግን ለዚሁ ሳጥን ተብሎ በልኩ የተሠራ ነው። በእጅ። ልዩነቱ እሱ ነው።»

አዲስ ነገር የነገረኝ መስሎት ፊት ፊቴን ያያል። እኔ ግን ስንት ዓመት የተኛ ንዴት ተነሣብኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

በጃንሆይ ዘመን አባቴ ኦቦ ገመቹ ነቀምቴ ውስጥ ሬድዮ ይጠግን ነበር። ዲዴሳ ቆላ ወርዶ ክፉ ወባ ይዞት ከተመለሰ ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ቀጫጭኑ ሥራ ሁሉ የእኔ ሆነ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሳልበጥስ መጠቅለል እችል ነበር፤ ደንበኞች ግን «አባትሽ የለም?» ነበር የሚሉኝ። እኔ ብየዳው ላይ አጎንብሼ እያዩኝ፣ አባትሽ የለም?

በዚያ ዓመት የማኅበረ ምእመናናችን አዲስ የጸሎት ቤት አለቀ። የቆመው ዛሬ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በኩል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ርዝመቱ ግን ከዚያ በፊት በከተማችን ያላየነው ነበር። በጥር ከአርጆም፣ ከጊምቢም፣ ከኡኬም ሰው ተጠርቶ ሊመረቅ ታሰበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቡና ነጋዴው ኦቦ ዲባባ ነበሩ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰውም እንዲሰማ ብለው ሁለት ትልልቅ እስፒከሮች በባለሱቁ በጋሼ ሸምሱ በኩል ከአዲስ አበባ አስመጡ። አናጢው ከወፍራም የዋንዛ ጣውላ ሳጥን ሠራላቸው። አባቴና እኔ ገጠምናቸው።

በሙከራው ቀን እኔ ማይክሮፎኑ ጋ ቆሜ መዝሙረ ዳዊት አነበብኩ። ድምፄ ከሳጥኖቹ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ተከማቸና እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርም ጀመር። ከኋላ አዴ ኩሜ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠዋል። ከኡኬ በእግራቸው መጥተው ግድግዳ ሲለስኑ የሰነበቱ፣ ጭቃው ክንዳቸው ላይ የደረቀ ሴት ናቸው።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ነጎድጓድ ነው የምሰማው። ቃል የለውም» አሉኝ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ስብከቱም ንግግሩም በአማርኛ ነበር። እንደ አዴ ኩሜ ላሉት አማርኛ በገበያና በፍርድ ቤት በር የተለቀመ ቋንቋ ነው። አንድ ቃል ካመለጣቸው የቀረውም ተከትሎ ይሄዳል።

አባቴ ሳጥኑን በጣቱ እያንኳኳ ቆየና «ዕቃው መጥፎ አይደለም። ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ሲሞከር ሰምተሽዋል፤ ያምራል። የተሠራው ግን ለሌላ ቤት ነው። እዚህ ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ቃሉን ይውጠዋል» አለ። ጋሼ ሸምሱም ሳይቆጡ «እኔ ዕቃ አመጣለሁ፤ ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ» አሉ።

እንሥራው ያልኩት እኔ ነኝ። ከተቃጠሉ ሁለት አሮጌ እስፒከሮች ማግኔቱንና ብረቱን አወጣን። አየሩን የምትገፋው ሾጣጣ ወረቀት ቀላልና ደረቅ መሆን ነበረባት፤ ወፍራሙን ድምፅ ትታ ቃሉን እንድታወጣ። የደብተር ወረቀት ዘፍዝፌ፣ ጥጥ ቀላቅዬ፣ በሙቀጫ ወቅጬ አናጢው በቀረጸልኝ እንጨት ላይ አደረቅሁ። የመጀመሪያዋ ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋ እንደ እርጥብ እንጀራ ሰነፈች። ሦስተኛዋን ንፋስ ወሰዳት፤ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ዶሮ ስትጭራት አገኘኋት። አራተኛዋ በጥፍር ስትነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ አለች። ዙሪያዋን ከግልገል ፍየል ቆዳ ፍቄ ባሳሳሁት ጠርዝ ያዝኩት። የመዳብ ሽቦውን ጥቅል ስጠቀልል ትንፋሼን እይዝ ነበር። አንድ ዙር በሌላው ላይ ከወጣ ጥቅሉ ማግኔቱን ይፈትጋል፣ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛውም እስፒከር አልቆ ሁለቱን በጸሎት ቤቱ የሞከርን ቀን አባቴ ከኋለኛው ወንበር እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጋሪ» አለ፣ ጥሩ ነው ማለቱ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨመረም። ቤት ገብተን እናቴ ቀቅላ በቅቤ ያሸችውን የአንጮቴ ሥር ስንበላ ግን ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ገፋ አደረገልኝ። የአባቴ ምስጋና ይህን ያህል ነበረች፤ በቅታኝም ነበር።

ኦቦ ዲባባ አንድ ከሰዓት ወደ ሱቃችን ጎራ ብለው ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁራጭ ቆዳ አዩ።

«ገመቹ፣ በእንግዶች ፊት ሴት ልጅህ ከፍየል ቆዳ የለጠፈችውን ነው የምትሰቅልልን?»

አባቴ ቁራጩን ቆዳ አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞሮ «እኔ አነጋግራቸዋለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። በማግስቱ «ተስማምተዋል» አለኝ። አመንኩት።

ምረቃው ደረሰ። መንገዱ በቀይ አቧራ ተሸፍኗል፤ ሰዉ እግሩን በር ላይ እያራገፈ ይገባል። ከጠቅላይ ግዛቱ የተጋበዙ እንግዶች ከፊት ተቀምጠዋል። ስብከቱ ተጀመረ፤ እያንዳንዱ ቃል እንደ ተለቀመ ስንዴ ጠርቶ ወጣ። ዞር ብዬ ከኋላ ያሉትን አየሁ። አዴ ኩሜ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃሉን ይከተላሉ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያም በኋላ ብዙ አላየሁም።

ከምሳ በፊት ኦቦ ዲባባ ማይክሮፎኑን ያዙ። «ይህ የምትሰሙት ጥርት ያለ ድምፅ ከባሕር ማዶ ያስመጣነው ዕቃ ነው። በቤት በተለጣጠፈ ይተካ ያሉም ነበሩ። እኛ ግን ለእግዚአብሔር ቤት የሚገባውን እናውቃለን» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ። አባቴን አየሁት። መሬት መሬቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። አዎን እንደ ማለት።

ያኔ ገባኝ። ያነጋገራቸው እውነቱን ነግሮ አልነበረም። የተገዛውን ትንሽ አስተካከልነው ብሎ ነበር።

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ እኔ መፍቻ ይዤ ገባሁ። ሳጥኖቹን ከፍቼ የእኔን ፈታሁ፤ ዕቃ ቤት ተጥለው የነበሩትን የተገዙትን ገጠምኩ። የእኔን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከጎኔ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት እንግዳው ንግግር ሲጀምሩ ቤቱ ጉምጉም አለ። ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ኦቦ ዲባባ እየተጣደፉ መጡ።

«ምን አደረግሽ?»

«የተናገሩትን እውነት አደረግሁልዎ። አሁን የሚሰማው ከባሕር ማዶ የመጣው ነው» አልኳቸው።

አባቴ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቶኛል።

በድል የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ማምሻውን የኡኬ ሰዎች ጓዛቸውን ሲሸክፉ አዴ ኩሜ ወደ እኔ መጡ። ማን ምን እንደ ሠራ ወሬው ደርሷቸዋል። «ጠዋት አንድም አላመለጠኝም። ከሰዓት አንድም አልሰማሁ። ኦቦ ዲባባ እንደሆነ ከፊት ነው የሚቀመጠው። እኛን ለምን ነሣሽን?» አሉኝ። የተናደድኩት በሌላ፣ የቀጣሁት እሳቸውን።

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ አላነጋገረኝም፤ እኔም እሱን። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተነሥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲሄድ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በሕይወቱ በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የሚሰማኝ ግን የተገዛው እስፒከር ጉምጉምታ ብቻ። አንድ ቃል አልለየሁም። ከፊት የተቀመጡት ናቸው ወጥተው የነገሩኝ፤ «ያን ቀን ጠዋት የሰማችሁት የልጄ የእጇ ሥራ ነው፤ እኔ ዋሸሁ» ብሏል።

ማታ «ምን ብለህ ነበር?» አልኩት። ከአፉ ልሰማው ፈለግሁ።

«ሁለተኛ አልለውም። አንዱም ከብዶኝ ነበር» አለና ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ የእኔን መልሼ ገጠምኩ። ለኮሚቴው ብዬ አይደለም። ኡኬ ድረስ በእግሬ ሄጄ አዴ ኩሜን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ «እንኳን መጣሽ» ብለው የተቆላ በቆሎ አቀረቡልኝ እንጂ ስለ ነገሩ አላነሡም። በሚቀጥለው ወር መጥተው ያው ከኋላ ተቀመጡ። ኦቦ ዲባባ ግን እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ተናገሩ። ከባሕር ማዶ ያስመጣነው።

ለቀብራቸው ሄጃለሁ፣ ከልቤም አልቅሻለሁ። ይቅር ብያለሁ። ንዴቱ ግን ከይቅርታው ጋር አብሮ ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን አስወጥቶት አያውቅም። አባቴንም እንደዚያው። ባላፈቅረው ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።

የእህቴ ልጅ በረንዳው ላይ ተከትሎኝ ወጣ። «አክስቴ፣ አልወደድሽውም እንዴ?»

«ጥቅሉን የጠቀለለው ማን ነው?» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ቆየ። የፋብሪካውን ስም አገኘ፣ አገሩን አገኘ፣ የሽቦውን ዓይነት ሳይቀር አነበበልኝ። «የሰው ስም የለውም» አለ በመጨረሻ።

ተመልሼ ገብቼ ተቀመጥኩና ክፈተው አልኩት። ጥርት ያለ ነበር። አንድ ቦታ፣ በማላውቀው አገር፣ አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ ትንፋሹን ይዞ ጠቅልሎታል። ስሙን ማንም አልጠራለትም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ እንደ ተናደድኩ።